መብራት ሲመለስ የማያትም ፕሪንተር፦ ችግሩ ያለው ወረፋው ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ነው፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው። አንድ ጥቁርና ነጭ ሌዘር እና አንድ ባለቀለም ፕሪንተር በዩኤስቢ ተሰክተውበታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሌዘሩ አንዳንዴ ጭራሽ አያትምም፤ አንዳንዴ ደግሞ ምልክት ብቻ የሞላባቸው ብዙ ወረቀቶች ያወጣል። አጥፍቼ ሳበራው ቀድሞ የሄደ ደንበኛ ፋይል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማተም ይጀምራል። የጠራሁት ጠጋኝ ድራይቨሩ ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ጫነልኝ፤ አሁን ሁለት ፕሪንተር ይዤ ስክሪኑ ላይ አራት ይታየኛል። ቀጥሎ ፎርማት ይደረግ ተባልኩ። ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) በትእዛዝ ይስተካከላል የሚሉም አሉ፤ አንዱ ኤልፒ፣ ሌላው ኤልፒአር እያሉ ግራ አጋቡኝ። የተበላሸው ፕሪንተሩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አልተበላሹም፤ ፎርማት አያስደርጉ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፕሪንተሮቹ እንደ አዲስ ይጫናሉ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ድራይቨሩም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጤነኛ ነው። ድራይቨሩ ቢበላሽ ኖሮ መብራት ባልጠፋበት ቀንም አንድ ገጽ በትክክል አያወጣልዎትም ነበር።

በቅድሚያ መታረም ያለበት ወረፋው (ለመታተም ተራ የሚጠብቁት ሥራዎች ሰልፍ) ፕሪንተሩ ውስጥ ነው የሚለው ግምት ነው። ወረፋው ያለው ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነው። «አትም» ሲሉ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። ካፕስ የሚባለው የኅትመት አገልግሎት ይቀበለዋል፣ /ቫር/ስፑል/ካፕስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይረዋል፣ ከዚያ በዩኤስቢ ገመዱ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይልካል። በማንኛውም ቅጽበት ፕሪንተሩ የያዘው የደረሰውን ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሪንተሩን ሲያጠፉት የሚጠፋው ያ ቁራጭ ነው፤ ዋናው ሥራ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሄደው ደንበኛ ፋይል ተመልሶ የሚመጣው ማንም ስላልሰረዘው ነው። ካፕስ ሥራው መጠናቀቁን ካላረጋገጠ እንዳልተሠራ ይቆጥረዋል፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደቆመ ስለማያስታውስም ከገጽ 1 ይጀምራል።

ምልክት የሞላባቸው ወረቀቶችም ምክንያታቸው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሥራ ወደ ፕሪንተሩ ሲላክ መጀመሪያው ላይ «ቀጥሎ የሚመጣው በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ነው» የሚል መግቢያ አለው። መሐል ላይ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሲበራ መግቢያውን ረስቶታል፤ ኮምፒውተሩ ግን ባትሪ ስላለው የቀረውን ይልካል። ፕሪንተሩ መግቢያ የሌለው ዳታ ሲደርሰው እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ያትመዋል። አንድ መስመር ብቻ የታተመበት፣ ሌላው ባዶ የሆነ ወረቀት በላይ በላዩ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዛሬው የወረቀት ዋጋ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን ካዩ መጀመሪያ የወረቀት ትሪውን ይሳቡ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይሂዱ።

ሦስተኛው፣ ጭራሽ አያትምም ያሉት፣ የብዙ ሰው ግራ መጋባት ያለበት ነው። ካፕስ ውስጥ አንድ ወረፋ ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች አሉት። ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፦ አዲስ ሰው ሰልፉ ውስጥ መግባት መቻሉ አንድ ነገር ነው፣ ታክሲው መጫን መጀመሩ ሌላ ነገር ነው። ኅትመት መሐል ላይ ተቋርጦ ስሕተት ከተመዘገበ ካፕስ ወረፋውን በራሱ ሊያቆመው ይችላል። መቀበሉን ግን አያቆምም። እርስዎ «አትም» ይላሉ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይከራከር ይቀበላል፣ ሥራው ከኋላ ይሰለፋል፣ ከፊት ግን የሚንቀሳቀስ የለም። ደጋግመው ሲልኩ አንዱ ፋይል አምስት ጊዜ ይሰለፋል፤ ወረፋው የተከፈተ ዕለት አምስቱም ይወጣሉ። አጥፍቶ ማብራት ይህን አያስተካክልም፤ ወረፋውን የሚከፍተው ትእዛዝ ነው።

ስለ ኤልፒ እና ኤልፒአር፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዩኒክስ፣ እነ ኡቡንቱ አሠራራቸውን የወረሱት የቆየ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ድሮ በሁለት ቤተሰብ ተከፍሎ ነበር። ኤልፒ ከኤቲ ኤንድ ቲ ሲስተም ፋይቭ የመጣ ነው፣ ኤልፒአር ደግሞ ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲው ወገን። ማይክል ስዊት ካፕስን ሠርቶ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ሲያቀርብ የሁለቱንም ትእዛዞች እንዲቀበል አድርጎ ነው የሠራው። አፕልም ለማክ ኮምፒውተሮቹ ይህንኑ ስለሚጠቀም እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ማክ ላይም ይሠራል። እርስዎ ግን አንዱን ይያዙ። የኤልፒን ቤተሰብ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ወረፋውን የሚያስተዳድሩት ትእዛዞች በብዛት በዚያ በኩል ናቸው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። «ኤልፒ» ሁለት ፊደላት ብቻ ነው፣ ሌላው እንደሚሰማው ይጻፋል። ከተጠራጠሩ ሁለቱን ፊደላት ጽፈው የታብ ቁልፍን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ በኤልፒ የሚጀምሩት ትእዛዞች በሙሉ ይዘረዘሩልዎታል። ትእዛዙ ፈቃድ የለዎትም ካለ ከፊቱ ‹ሱዶ› ይጨምሩና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ‹ኤልፒስታት -ቲ› ነው። ምንም አይቀይርም፣ ያለውን ሁኔታ ብቻ ያሳያል። ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ይህን ማንበብ ልማድ ያድርጉት። የሚያወጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚፈልጉት ግን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ከፕሪንተሩ ስም አጠገብ ‹አይድል› ካለ ሥራ ፈትቶ ዝግጁ ነው። ‹ዲሴብልድ› ካለ ወረፋው ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው አጭር መስመር ምክንያቱን ይነግርዎታል። እያተመ ነው ብሎ ወረቀት ግን ካልወጣ፣ ከሥሩም ፕሪንተሩ እስኪገኝ እየጠበቀ መሆኑን ካሳየ፣ ወረፋው ደህና ነው፤ ገመዱ ነው ያልተገናኘው ወይም ፕሪንተሩ አልበራም። ከዚህ ዝቅ ብሎ የተሰለፉት ሥራዎች አሉ፦ ‹ሌዘር-214› የመሰለ ቁጥር፣ የላከው ሰው ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራው በሱ ነው።

መብራት ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ፕሪንተሩን ገና ሳያበሩ ‹ካፕስዲሴብል ሌዘር› ብለው ወረፋውን ራስዎ ያቁሙ፤ ‹ሌዘር› ባልኩበት ቦታ የእርስዎ ወረፋ ስም ይግባ። ከዚያ ‹ኤልፒስታት -ኦ› ብለው የተሰለፉትን ይዩ። መሐል ላይ የተቋረጠውን ሥራ ‹ካንስል ሌዘር-214› ብለው በቁጥሩ ይሰርዙ፣ ደንበኛው የሄደበትንም እንዲሁ። አሁን ፕሪንተሩን ያብሩ፣ ሞቆ እስኪረጋጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ‹ካፕስኤኔብል ሌዘር› ይበሉ። የቀሩት ሥራዎች በተራቸው ይወጣሉ። ቅደም ተከተሉን ያጠበቅኩት በምክንያት ነው፦ ፕሪንተሩን አስቀድመው ካበሩት የተረፈው ዳታ ወዲያው ይገባበታል፣ ሥራውን ሳይሰርዙ ወረፋውን ከከፈቱት ደግሞ ያው ፋይል ከገጽ 1 ይነሣል። ከተሰረዘ በኋላም አንድ ሁለት ገጽ ሊወጣ እንደሚችል ይወቁ፤ ፕሪንተሩ ሜሞሪ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ኮምፒውተሩ መልሶ አይወስደውም። እሱን የሚያቆመው ፕሪንተሩ ላይ ያለው የመሰረዣ ቁልፍ ነው።

‹ካንስል -ኤ› የሚባል ሁሉንም የሚጠርግ ትእዛዝም አለ። ሰዎች በመጀመሪያ የሚማሩት ይህንን ነው፣ እኔ ግን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እንዲጠቀሙበት አልመክርም። ደጅዎ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ፋይልም አብሮ ይሄዳል። በቴሌግራም የላኩልዎት ፋይል እዚያው ስላለ መልሶ ማተም ይቻላል፤ በፍላሽ አምጥተው ነቅለው የያዙት ግን እንደገና መጠየቅ አለባቸው።

የ60 ገጽ ሞጁል 36ኛው ገጽ ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው አይጀምሩ። የተቋረጠውን ሰርዘው ፋይሉን ‹ኤልፒ -ዲ ሌዘር -ፒ 37-60› ብለው ከፋይሉ ስም ጋር ይላኩት። እዚህ ላይ ፒ ትልቁ የላቲን ፊደል ነው፤ ትንሹን ከጻፉት አይሠራም። ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት በእጅ ያለውን የመጨረሻ ገጽ ያንብቡ፤ የተቋረጠው ገጽ ግማሹ ብቻ ታትሞ ሊሆን ይችላል። ቸኩሎ የመጣን ደንበኛ ማስቀደምም ይቻላል፦ እያንዳንዱ ሥራ ከ1 እስከ 100 የሚደርስ ቅድሚያ አለው፣ ካልነኩት 50 ነው፣ ‹ኤልፒ -አይ ሌዘር-215 -ኪው 100› ያ ሥራ ቀጣዩ እንዲሆን ያደርገዋል። እየታተመ ያለውን ግን አያቋርጥም።

ዋናው መፍትሔ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የሚደረግ ነው። እያንዳንዱ ወረፋ ስሕተት ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቅንብር አለው። በአንደኛው አማራጭ ወረፋውን ያቆማል፣ ሥራውን ይይዛል፤ ይህ ነው ዝም ያለ ፕሪንተር የሚሰጥዎት። በሁለተኛው ቆይቶ እንደገና ይሞክራል፤ ሰው ለሌለበት ቢሮ ጥሩ ነው፣ ለእርስዎ ግን ተመሳሳዩን ፋይል ከገጽ 1 ደጋግሞ ማተም ማለት ነው። በሦስተኛው የተሰናከለውን ሥራ ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለጽሕፈት ቤት ያለማመንታት የምመክረው ሦስተኛውን ነው። ሰው ሁልጊዜ ፕሪንተሩ አጠገብ አለ፤ የትኛው ሥራ እንደተቋረጠ ያያል፣ ከየትኛው ገጽ እንደሚቀጥልም የሚያውቀው እሱ ነው። ትእዛዙ ‹ኤልፒአድሚን -ፒ ሌዘር -ኦ ፕሪንተር-ኤረር-ፖሊሲ=አቦርት-ጆብ› ነው፤ እዚህ ላይ ፒ ትንሹ ነው። ለባለቀለሙም ይድገሙት። አንዴ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢበራም ይቆያል። ወረቀት ማለቅ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ሥራ ያስጥላል ብለው አይስጉ፤ ብዙውን ጊዜ ካፕስ ወረቀት እስኪጨመር ይጠብቃል።

ይህ ቅንብር የማይሸፍነው አንድ ሁኔታ አለ። የላፕቶፑም ባትሪ አልቆ ኮምፒውተሩ ራሱ ከጠፋ፣ ሲነሣ በመታተም ላይ የነበረውን ሥራ መልሶ ወረፋ ውስጥ ያስገባዋል። ያኔ ከላይ የጻፍኩት ቅደም ተከተል ግድ ነው። ስለዚህ የላፕቶፑን ባትሪ ይንከባከቡ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ሊገዙ ካሰቡ ደግሞ ሌዘር ፕሪንተሩን ባትሪ ባለው ሶኬት ላይ አይሰኩ። ሌዘር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ማሞቂያው ሲነሣ የሚስበው ኃይል ትንሽ ዩፒኤስን ከአቅም በላይ ይጭነዋል፣ ዩፒኤሱም ራሱን ያጠፋል።

አሁን ወደ አራቱ ፕሪንተሮች። ድራይቨሩ በተጫነ ቁጥር አዲስ ወረፋ ተፈጥሯል፣ የድሮው ግን አልተነሣም። ‹ኤልፒስታት -ቪ› እያንዳንዱ ወረፋ የትኛው መሣሪያ ላይ እንደተያያዘ ያሳያል፤ አድራሻው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የፕሪንተሩ ሲሪያል ቁጥር አለበት። ‹ኤልፒኢንፎ -ቪ› ደግሞ አሁን በትክክል የተሰካውን ያሳያል። ሁለቱን አስተያይተው የሚሠራውን ያቆዩ፣ ሌላውን ‹ኤልፒአድሚን -ኤክስ› ብለው ስሙን ጨምረው ያጥፉ። ሲያጠፉ በዚያ ወረፋ የተሰለፈው ሥራም አብሮ ስለሚጠፋ በቅድሚያ ‹ኤልፒሙቭ› በሚለው ትእዛዝ ወደሚሠራው ያዛውሩት፤ የድሮውን ስም፣ ቀጥሎ የአዲሱን መጻፍ ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ‹ሌዘር› እና ‹ቀለም› በመሰለ አጭር ስም ይጥሯቸው፤ በስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይፈቀድም።

መደበኛውን ፕሪንተር ቀይሬ አሁንም ወደ ሌላው ይሄዳል የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። መደበኛ ፕሪንተር የሚወሰነው በሁለት ቦታ ነው፦ ለኮምፒውተሩ በሙሉ በ‹ኤልፒአድሚን -ዲ›፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ በ‹ኤልፒኦፕሽንስ -ዲ›። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚያሸንፈው የተጠቃሚው ነው። ጥቁርና ነጭ ሥራ ወደ ባለቀለሙ እየሄደ ውድ ቀለም የሚያልቅብዎት ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ።

አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁኝ መናገር አለብኝ። ካፕስ የታተመን ፋይል ወዲያው አያጠፋም። ካልተቀየረ በቀር ለ86400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ቀን ሙሉ፣ ዲስኩ ላይ ያቆየዋል። እርስዎ ጋ የሚታተመው የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ነው። ያ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ለጥገና ቢሰጥ አብሮ ይሄዳል። /ኢቲሲ/ካፕስ ውስጥ ባለው ‹ካፕስዲ.ኮንፍ› ፋይል ላይ ‹ፕሪዘርቭጆብፋይልስ› የሚለውን መስመር 3600 ያድርጉት፣ ከሌለ ይጨምሩት፣ ከዚያ አገልግሎቱን ‹ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ካፕስ› ብለው እንደገና ያስነሡ። አንድ ሰዓት የተበላሸን ሥራ ለማረም ይበቃል። ማታ ሲዘጉ ደግሞ ‹ካንስል -ኤ -ኤክስ› ይበሉ፤ ኤክስ የተባለው ሥራውን ከመሰረዝ አልፎ የተቀመጠውንም ፋይል ያጠፋል። ለ‹ካንስል -ኤ› ትክክለኛው ሰዓት ይህ ነው። ቴሌግራም ላይና ዳውንሎድ ማውጫ ውስጥ የቀረውን ግን ካፕስ አይነካውም፤ እሱን በእጅዎ ማጥፋት ይኖርብዎታል።

ደንበኞች ዋይፋይዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ‹ካፕስ-ብራውዝድ› የሚባለውን አገልግሎት ይዝጉት። ሥራው ኔትወርክ ላይ ያሉ ፕሪንተሮችን መፈለግ ነው፣ የእርስዎ ፕሪንተሮች ደግሞ በዩኤስቢ ስለሆኑ አያስፈልግዎትም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከዚህ አገልግሎት ጋር የተያያዘ፣ የውጭ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚያስችል ክፍተት ይፋ ሆኗል። ኡቡንቱውን ማዘመንም የግድ ነው።

ሌላ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ካለዎት ሐሳቡ አንድ ነው፣ ትእዛዙ ይለያል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው ‹ኔት ስቶፕ ስፑለር› ይላሉ፣ በሲስተም32 ሥር ስፑል ውስጥ ካለው ‹ፕሪንተርስ› ማውጫ ያሉትን ፋይሎች ያጠፋሉ፣ ከዚያ ‹ኔት ስታርት ስፑለር› ይላሉ። ማውጫውን ራሱን አያጥፉ፤ ውስጡ ያለውን ብቻ። ይህ የሁሉንም ፕሪንተሮች ወረፋ ባዶ ያደርጋል፣ አንዱን ለይቶ አይነካም። ገመዱን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሲቀይሩ ዊንዶውስ በፕሪንተሩ ስም ላይ ‹ኮፒ 1› ጨምሮ ሌላ ሊፈጥር ስለሚችል እያንዳንዱ ፕሪንተር የራሱ ቋሚ ቀዳዳ ይኑረው።

ይህን ሁሉ አድርገው ‹ኤልፒስታት -ቲ› ወረፋው ክፍት ነው፣ የተሰለፈም የለም እያለ፣ ‹ኤልፒኢንፎ -ቪ›ም ፕሪንተሩን እያየው አሁንም ወረቀት ካልወጣ፣ የዩኤስቢ ገመዱን ነቅለው ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፎች የሙከራ ገጽ እንዲያትም ያድርጉት። የሙከራው ገጽ በትክክል ከወጣ ገመዱን ይቀይሩ፣ ረጅም ቀጭን ገመድ ከሆነ በአጭሩ ይተኩት፤ ከዚያ /ቫር/ሎግ/ካፕስ ውስጥ ያለውን ‹ኤረር_ሎግ› የተባለ ፋይል የመጨረሻ መስመሮች ይላኩልኝ። የሙከራው ገጽ ካልወጣ ወይም ደብዝዞና ተጨማዶ ከወጣ ግን ከዚህ በኋላ ያለው የትእዛዝ ሥራ አይደለም። ጠጋኝ ይጥሩ፣ ወረቀት ሳቢውን ሮለርና ማሞቂያውን ከፍቶ እንዲያይ ይንገሩት፣ ላፕቶፑን ግን አይስጡት።